በቃል የታሰረ ወረቀት

በበርበሬ በረንዳ ገበያ ለጁሙዓ የተጻፈ ኹጥባ

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ በገበያ አቧራ ውስጥ አቆይቶ ዛሬ በአንድ ሰፍ ላሰባሰበን ጌታ። ሶላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። የአላህ ባሮች ሆይ! አላህን እንድትፈሩ ከናንተ በፊት ለራሴ፣ ከዚያም ለናንተ አደራ እላለሁ።

የዛሬው ኹጥባ ስለ ፒዲኤፍ ነው። ከኋላ ሰፍ ፈገግ ያሉ ወጣቶች ይታዩኛል፤ አልቆጣም። እኔም ሚንበር ላይ ወጥቼ ይህን ቃል እጠራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን የበርበሬ በረንዳ ንግድ ከጆንያና ከሚዛን አልፎ ስልክ ውስጥ ገብቷል። የኪራይ ውሉ፣ ደረሰኙ፣ የባንኩ መግለጫ፣ የልጆች የፈተና ውጤት ሳይቀር በፒዲኤፍ ይመጣል። ሐላሉና ሐራሙም አብሮት ገብቷል።

ባለፈው ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት በር ላይ ጠበቁኝ። ዛላ በርበሬ ከማረቆና ከአላባ እያስመጡ የሚሸጡ፣ የጣታቸው ቅላት በውዱእ ውሃ እንኳ የማይለቅ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ከንክኖኛል» አሉኝ። ለሆነ ጉዳይ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ በወረቀት አምጡ ተብለዋል። መግለጫው በስልካቸው መጣ። ፋይሉ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉን ያውቁታል፤ ተከፈተ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ፕሪንት ይደረግልኝ ሲሉ ግን ማዘዣው ደብዝዟል፣ ቢጫኑት አይሰማም። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ሳቀ። «ሐጂ፣ ይሄማ ቀላል ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ፣ እሰብረዋለሁ» አላቸው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ ከፈተ፣ ፋይሉን ከነይለፍ ቃሉ እዚያ ላይ ጫነ፣ መልሶ አወረደው። ወረቀቱ ወጣ። ሐጂ ከፍለው ሄዱ።

«ገንዘቡ የኔ፣ ሒሳቡ የኔ፣ ስሙም የኔ ነው» አሉኝ። «ሌሊቱን ግን የሰው ቤት በመስኮት የገባሁ ያህል እንቅልፍ አጣሁ። ሐላል ነው ወይስ ሐራም?»

ወዲያው አልመለስኩላቸውም። ስለማላውቀው ነገር ሐላል ነው ሐራም ነው ማለት እፈራለሁ። ኮምፒውተር የሚያውቁ ወንድሞችን ፈልጌ ጠየቅሁ፤ የነገሩኝንም እንደገባኝ ልንገራችሁ። ትንሽ ታገሱኝ፣ ፍርዱ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው።

ፒዲኤፍን አዶቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ። የታሰበው አንድ ጽሑፍ በየትኛውም ማሽን ላይ መልኩ ሳይለወጥ እንዲታይ ነው። በላዩ ላይ ሁለት ዓይነት የይለፍ ቃል ሊደረግበት ይችላል። አንደኛው የመክፈቻ ቃል ነው። ይህ የእውነት ቁልፍ ነው፤ ጽሑፉ ተመስጥሮ ስለሚቀመጥ ቃሉ የሌለው ሰው የሚያገኘው ትርጉም የሌለው ትርምስ ብቻ ነው። ሁለተኛው የባለቤቱ ቃል ነው። ባለቤቱ በዚህኛው «ይነበብ፣ ግን አይታተም»፣ «ይታተም፣ ግን አይቀየር»፣ «ይታተም፣ ግን ጥራቱ ዝቅ ይበል» እያለ ምልክት ያኖራል። ማዘዣው የሚደበዝዘው በዚህ ምልክት ነው።

አሁን ልብ በሉ። ሰነዱ ለማንበብ አንዴ ከተከፈተ ጽሑፉ ከምስጢሩ ወጥቶ ማሽኑ ውስጥ ተዘርግቷል። ካልተዘረጋ ዓይን አያየውም። ስለዚህ «አይታተም» የሚለው ምልክት ብረት አይደለም። የሚያነበው ፕሮግራም አይቶ ያከብረው ዘንድ የተጻፈ ማሳሰቢያ ነው። መስፈርቱ ራሱ ይህን አልደበቀም፤ የባለቤቱን ፈቃድ ማክበር በአንባቢው ፕሮግራም ላይ የተጣለ ኃላፊነት ነው ብሎ ትቶታል። የሚያከብር ፕሮግራም አለ፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍም አለ። ልጁ በሁለት ደቂቃ የጨረሰው ለዚህ ነው። እሰብረዋለሁ አለ እንጂ የሚሰበር ነገር አልነበረም።

ይህን ስሰማ ኮምፒውተሩን ረስቼ ይህችን ሰፈር አሰብኩ። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ውጪ ስንት ሱቅ ክፍት ነው? ባለቤቱ አዛን ሲሰማ በሩ ላይ እንጨት አጋድሞ፣ ወይ ብትን ጨርቅ ጋርዶ፣ ወይ በርጩማ ገልብጦ መጥቷል። ውስጥ አፉ የተፈታ ጆንያ አለ፤ ሚዛኑ እንደተቀመጠ ነው፤ መሳቢያው ውስጥ ብር አለ። ያ እንጨት ሕፃን ልጅ አያስቆምም፤ ገበያውን በሙሉ ግን አስቁሞታል። ክርስቲያን ጎረቤቱ እንኳ ደንበኛ ሲመጣ «ሶላት ላይ ናቸው፣ ትንሽ ይጠብቁ» ይላል። የማታው የብረት መዝጊያና ጓጉንቸር የሚደረገው ለሌባ ነው። የቀትሩ እንጨት የተጋደመው ለጨዋ ሰው ነው።

የመክፈቻው ቃል ጓጉንቸር ነው። «አይታተም» የሚለው የተጋደመው እንጨት ነው። አንድ ሰው እንጨቱን ተራምዶ ገብቶ «ቁልፍ አልሰበርኩም» ብሎ ቢከራከር ከመካከላችሁ ማን ይሰማዋል?

ወንድሞቼ! አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ የታዘዝንበትን የሱረቱ ኒሳእ 58ኛ አንቀጽ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሙፈሲሮች ይህን አንቀጽ የሚያያይዙት ከምን ጋር እንደሆነ ግን አስታውሱ፤ ከአንድ ቁልፍ ጋር ነው። መካ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ተከፈተች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ሺህ ያህል ሰው አስከትለው ገቡ። የካዕባ ቁልፍ በዑስማን ኢብን ጠልሐ እጅ ነበር፤ ቤተሰቡ ከድሮ ጀምሮ የያዘው አደራ ነው። ቁልፉን ተቀብለው ከፈቱ፣ ገቡ፣ ወጡ። ያኔ ከቅርብ ዘመዶቻቸው ጥያቄ ቀረበ፤ ሐጃጆችን ውሃ የማጠጣቱ ክብር በእጃችን ነው፣ ቁልፉም ይጨመርልን የሚል። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ማን ይከለክላቸው ነበር? ከተማው በእጃቸው፣ ሠራዊቱ በእጃቸው፣ ቁልፉ ራሱ በመዳፋቸው ነበር። ዑስማን ኢብን ጠልሐን አስጠሩና ቁልፉን መለሱለት። ዛሬም የካዕባ ቁልፍ ያለው በዚያው ወገን፣ በበኒ ሸይባ ዘንድ ነው። አሥራ አራት ክፍለ ዘመን ስንቱ መንግሥት መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ ቁልፉ ከቤቱ አልወጣም።

ልጁ «ይቻላል» ሲል ሐጂ «ይፈቀዳል» ያለ መሰላቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ያን ቀን የማይችሉት ነገር አልነበረም።

በሱረቱ ኑር 27ኛውና 28ኛው አንቀጽ ደግሞ የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ፈቃድ እንድንጠይቅ፣ ተመለሱ ከተባልን እንድንመለስ ታዘናል። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ በዑመር በር ላይ ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቀው መልስ ሲያጡ ተመልሰው ሄዱ፤ በሩን አልገፉም። እኔም ሐጂን «ባንኩን ጠይቀው ነበር?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቅርንጫፉ ከሱቃቸው የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሲሄዱበት መግለጫውን በወረቀት አትሞ፣ ማኅተም መትቶ የሚሰጥ ጠረጴዛ አለው። ነገሩ የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ያን ሁሉ ተሻግረው ያሳተሙትን ወረቀት የጠየቃቸው ክፍል ማኅተም የለውም ብሎ መልሶታል።

እንግዲህ እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ለሐጂ ያልኳቸው ግን ይህን ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው የራስዎ ሒሳብ ነው፤ ማየቱም መያዙም ሐቅዎ ነው፤ ሌባ አልሆኑም። ጥፋቱ የተጋደመውን እንጨት ሳይጠይቁ መራመድዎ ነው፤ ለዚህ ተውበት ይበቃዋል። ከዚህ የከበደው ሌላ ነው። መግለጫው ላይ ያለው የእርስዎ ስም ብቻ አይደለም። ከማረቆ በርበሬ የላከልዎት ገበሬ አለበት። ያበደርዎት ሰው አለበት። ግራ እጅዎ ሳያውቅ ቀኝ እጅዎ የረዳው ሚስኪን አለበት። ይህን ሁሉ ከነቁልፉ ለማይታወቅ ገጽ አስረከቡ። ማን እንደከፈተው፣ በየትኛው አገር እንዳለ፣ ፋይሉን እንደሚያጠፋው ወይም እንደሚያስቀምጠው እርስዎም ልጁም አታውቁም። አንዱ ቅጂ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል፤ ቀጥሎ ፍላሽ የሰካ ደንበኛ ሁሉ ሊያየው ይችላል። ሌሊቱን ያስነሳዎት ይህ ይሁን። ማተሙ ቀላሉ ነበር።

ባንኩስ ለምን እንጨት አጋደመ? ይህን ስንጠይቅ ወደ ራሳችን እንምጣ። መግለጫ ላይ ዜሮ የሚጨምር፣ ደረሰኝ ላይ ቀን የሚቀይር ሰው በመካከላችን ስላለ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገቡ፤ ጣታቸው እርጥበት ነካው። ባለቤቱ ዝናብ መታው አላቸው። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት፤ የሚያታልል ከእኔ አይደለም ብለውም አስጠነቀቁ። በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ ነው። ይህ ሐዲስ ለበርበሬ በረንዳ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ያስደነግጠኛል። ዛላ ላይ ውሃ እየረጨ ኪሎ የሚጨምር፣ የተፈጨው ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚደባልቅ ሰው እዚህ ሰፍ ውስጥ የለም ብዬ ልማል? ገዢው አሁን በእጁ ዘግኖ፣ አሽቶ፣ አሽትቶ ካላስነጠሰው አያምንም። የፒዲኤፉ እንጨትም ከዚያው ካለመተማመን የመጣ ነው።

ይህን ብዬ ለራሴም ለናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት።

*

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሰላምና ሶላት በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

እስካሁን የተናገርኩት ለሚሻገረው ነው። አሁን ለሚቆልፈው ልናገር፤ እሱም ከሒሳብ አያመልጥም። ቢሮ ውስጥ ተቀምጠህ ሰነድ የምታዘጋጅ ወንድሜ፣ የምትፈራው ሰው ቁጥር እንዳይቀይር ከሆነ «አይቀየር» የሚለው ምልክት ለብቻው አለልህ። «አይታተም» የሚለውን ለምን ጨመርክበት? አብዛኛው ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ይመታዋል፤ ከዚያ ደግሞ «ሞልታችሁ፣ አትማችሁ፣ ፈርማችሁ አምጡ» ይላል። ይህ ጉድጓድ ቆፍሮ ዝለሉ እንደማለት ነው። አላህ እንዲህ ያለውን ማስቸገር ይወደዋል ብዬ አልገምትም። ጽሑፉ እንዳይቀዳ የሚከለክለው ምልክት ደግሞ የዐይነ ስውራንን ማንበቢያ ፕሮግራም አፍ ሊዘጋ ይችል ነበር፤ የፒዲኤፍ አዲሱ መስፈርት ዐይነ ስውር እንዳይከለከል ይህን አስተካክሏል፤ አንተ ግን በአሮጌ ፕሮግራም ቆልፈህ ይሆናል። አስፈትሽ። የምትቆልፍበት በቂ ምክንያት ካለህም ግርጌው ላይ አንድ መስመር ጨምር፤ ወረቀት የፈለገ ሰው ማንን ይጠይቅ? ሱቁን የዘጋ ነጋዴ እንኳ ጎረቤቱን «ሶላት ሄጃለሁ በልልኝ» ይለዋል።

የማንም የግል ያልሆነ ነገርም አለ። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዋጅ፣ የመንግሥት መመሪያ የሕዝብ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ራሱ የሕግና የአስተዳደር ይፋ ጽሑፎችን ከጥበቃው ውጪ አድርጓቸዋል። ነጋዴው የሚተዳደርበትን ሕግ አትሞ ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ የማንንም ሐቅ አልነካም።

የደራሲ ድካም ግን ሌላ ነው። ከአንዋር መስጊድ ዙሪያ መጽሐፍ የሚሸጡ ወንድሞቻችንን ጠይቋቸው። አንድ ሰው ዓመታት ደክሞ ይጽፋል ወይም ይተረጉማል፤ ተበድሮ ያሳትማል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሙሉው በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። የለቀቀው ሰው ከታች «ሶደቀቱል ጃሪያ ይሁንልኝ» ብሎ ይጽፋል። ወላሂ ይህን ሳነብ መሳቅና ማልቀስ አንድ ይሆንብኛል። በሰው ገንዘብ ሶደቃ ይሰጣል? «ዕውቀትን መደበቅ ሐራም ነው» የሚሉ ወጣቶችም አሉ። ልክ ናቸው፣ ሐራም ነው። ግን መጽሐፉን አሳትሞ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ሰው ምኑን ደበቀ? ዋጋውን ጻፈበት እንጂ። የኢስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ተሰብስቦ የደራሲነትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ሐቅ ነው፣ መተላለፍ አይፈቀድም ሲል ወስኗል። የአገራችን አዋጅም ሰው ለግሉ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ቢፈቅድም፣ መጽሐፍን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ፎቶ ኮፒ ማድረግ ከዚህ ፈቃድ ውጪ ነው ይላል። አውቆ መብቱን ለጣሰ የእስራት ቅጣት አስቀምጧል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ ወንድሞች፣ ተማሪ ሙሉ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ይህን አስታውሱ።

በጽሑፍ ብቻ የተከለከለን ነገር ማክበር ለአባቶቻችን አዲስ አልነበረም። በወሎና በሐረር ከድሮ የቀሩ በእጅ የተጻፉ ኪታቦች አሉ። ከፊታቸው ላይ አንድ መስመር የተጻፈባቸው ታገኛላችሁ፤ ይህ ኪታብ ወቅፍ ነው፣ አይሸጥም፣ አይወረስም የሚል መልእክት ያለው። በቀለም የተጻፈ ነው እንጂ ሰንሰለት የለውም። ያችን ገጽ ቀዶ ኪታቡን ገበያ ማውጣት ለማንም ይቻል ነበር፤ ሳይሸጡ ከደረሳ ወደ ደረሳ እየተላለፉ የደረሱን ስንት ናቸው! ሸኹም ለተማሪው ኢጃዛ ሲሰጥ «አሁን ማስተማር ትችላለህ» ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ያልፈቀደው ነገር እንዳለም ማሳወቁ ነው። ፈቃድ መጠየቅ በኛ ዘንድ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ደንብ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ቁልፍ የመፍታት ነገር በሌላውም ዓለም አከራክሯል። በ2001 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ዲሚትሪ ስክልያሮቭ የተባለ ሩሲያዊ ፕሮግራመር የአዶቢን ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቁልፍ የሚፈታ ፕሮግራም በመሥራቱ አሜሪካ ውስጥ፣ ላስ ቬጋስ ላይ ታሰረ። በእሱ ላይ የነበረው ክስ ቀረ፤ የሠራበት ኩባንያ ኤልኮምሶፍት ተከስሶ በ2002 መጨረሻ የዳኞች ጉባኤ ነፃ ነው አለው። መጽሐፉን ገዝቶ በሌላ ማሽን ማንበብ ያቃተውም፣ መጽሐፉ የተዘረፈበትም ያን ጊዜ ጮኸዋል። የሰው ፍርድ ቤት እዚህ ላይ ቢያመነታ አይገርመኝም፤ የሰውን ጣት ያያል እንጂ ኒያውን አያይም።

ስለዚህ ኮምፒውተር ቤት የምትሠሩ ልጆቼ፣ ለናንተ የተለየ ቃል አለኝ። ሪዝቃችሁ ሐላል ነው፣ አላህ በረካ ያድርግበት። የማይታተም ፋይል ሲመጣ መጀመሪያ «የማን ነው? ጠይቀዋል?» በሉ። አንዳንዴ ችግሩ ቁልፉ እንኳ አይደለም፤ በስልኩ ማሳያ ደብዝዞ በትክክለኛው የፒዲኤፍ ማንበቢያ ሲከፈት በደህና ይታተማል። ጥራቱ ዝቅ ብሎ እንዲታተም የተፈቀደም ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ፈዘዝ ቢልም የተፈቀደው እሱ ነው። ከዚህ ካለፈ ሰውየውን ወደ ባለቤቱ ላኩት፤ ደውሎ እንጨቱ የሌለበት ቅጂ ይለምን፣ ወይም ማኅተም ያለበትን ወረቀት ያምጣ። አንድ ደንበኛ ታጣላችሁ፣ ይሁን። የሰው መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የባንክ መግለጫ ለማታውቁት የኢንተርኔት ገጽ አትስጡ። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ከኮምፒውተሩ አጥፉ፤ ማጠራቀሚያ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ፤ ቴሌግራም ላይ ተልኮላችሁ ከነበረም ከዚያ ሰርዙት። ሐጂም የይለፍ ቃሉን በፋይሉ ስም ላይ፣ ወይ በወረቀቱ ጀርባ በእስክሪብቶ አይጻፉት፤ ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ሐጂ ትናንት መጥተው ነበር። ከቅርንጫፉ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ወስደዋል፤ የፋይሉን የይለፍ ቃልም አስቀይረዋል። ገበሬውን ማረቆ ደውለው «ስምህን በስህተት ሰው ዘንድ አሳልፌአለሁ፣ ዐፉ በለኝ» ማለታቸውን ነገሩኝ። ገበሬው ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባውም፤ ብቻ ዐፉ ብያለሁ አላቸው፣ ቀጥሎም የቀረችውን የሁለት ኩንታል ሒሳብ ጠየቃቸው።

አላህ ሆይ! በእጃችን ያስቀመጥከውን አማና ሳናጎድል እንድንመልስ እርዳን። ሚዛናችንን አስተካክልልን፣ ዓይናችንን ካልተፈቀደልን ነገር መልስልን። ለወላጆቻችን፣ ለአስተማሪዎቻችን፣ በጽሑፍ ለደከሙልን ዑለማዎች እዘንላቸው። ለአገራችን ሰላም ስጣት። ለታመሙት ሽፋ፣ በዕዳ ለተጨነቁት መውጫ አድርግላቸው። አሚን።

ሙአዚኑ ኢቃማ ይበል። ሰፋችሁን አስተካክሉ፣ ስልካችሁንም አጥፉ።